የሳሎናችን ሐይቅና የአሳል ሐይቅ

በብዙዎቻችን ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ሐይቅ አለ። ከማዶ ጫፉን በረዶ የሸፈነው ተራራ፣ ከወዲህ ጥድና የእንጨት ቤት፣ መሐል ላይ እንደ መስተዋት የረጋ ውሃ፤ ከሥሩ ደግሞ ጥቅስ ወይም ምሳሌያዊ አነጋገር። ይህ ፖስተር አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ድሬዳዋም አለ፤ ከእኛ ጋር ተጠቅልሎ ናጋድ ድረስም መጥቷል። ቦታው የት እንደሆነ፣ ማን እንደዚያ አድርጎ ማየት እንደጀመረ የሚጠይቅ የለም። ያምራል ብለን ሰቅለነዋል፣ በቃ።

ዘንድሮ የሥዕል መምህራችን የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን «አንድ ሐይቅ ሣሉ» አሏቸው። የተሰበሰቡትን ወረቀቶች በመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናይ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ሁለት ሹል ተራራ፣ በመካከላቸው የምትወጣ ጸሐይ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ አረንጓዴ ሣር። አንዳንዶቹ ከላይ «ጣና» ብለው ጽፈዋል፣ አንዳንዶቹ «ሐዋሳ»። አንዲት ልጅ ብቻ ጀልባ ጨምራለች። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ጣናንም ሐዋሳንም በዓይናቸው አላዩም፤ የተወለዱት እዚህ ነው። ከዚህ ከተማ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን፣ በተራሮች የተከበበውን የአሳል ሐይቅ ግን አንድም ልጅ አልሣለም። ከአባቶቻቸው መካከል ጨው የጫነ ሹፌር እንደማይጠፋ እናውቃለን።

ይህን ጉዳይ በዓመቱ መጽሔት ላይ ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። በሁለተኛው የወላጆች ስብሰባ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጠው የሥዕል ክፍለ ጊዜ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ለሒሳብ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ ወጥቶለታል። ውሳኔው በመጪው ዓመት መግቢያ ላይ ይሰጣል። እኛ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ያለነው ሐሳቡን አንደግፍም፤ የማንደግፍበትን ምክንያት ከስብሰባ ግርግር ውጪ፣ ተማሪዎችም ሊያነቡት በሚችሉበት ቦታ ማስረዳት ይገባናል ብለን እናምናለን።

እስቲ ከፖስተሩ እንጀምር። ያ በረዷማ ተራራና የረጋ ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ ውብ ተብሎ የኖረ አይደለም። አውሮፓውያን ራሳቸው ለብዙ ዘመን የአልፕስ ተራሮችን የሚመለከቱት እንደ መዓት ነበር፤ እህል የማይበቅልበት፣ መንገደኛ የሚጠፋበት፣ ናዳ የሚወርድበት ምድረ በዳ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ የተነሡት፣ ዛሬ ሮማንቲክ የምንላቸው ገጣሚዎችና ሠዓሊዎች ናቸው ይህን አስተያየት የገለበጡት። አስፈሪውን ነገር ቆም ብሎ ማየት፣ ከተራራ ፊት የራስን ትንሽነት ማወቅ፣ ጭጋግንና ብርሃንን ከቤተ መንግሥትና ከነገሥታት ምስል እኩል የሥዕል ርዕስ ማድረግ የእነርሱ ሥራ ነው። ለዚህም የውሃ ቀለም ተስማማቸው። የዘይት ቀለም ሸራና ማቆሚያ ይፈልጋል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ የውሃ ቀለም ግን በኪስ ይያዛል፣ ተራራ ላይ ወጥቶ ደመናው ሳያልፍ ይሣልበታል። በእንግሊዝ የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች እ.ኤ.አ. በ1804 የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሱ።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ተርነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ክረምት፣ የ66 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፣ በስዊዘርላንድ የሉሰርን ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ማዶ ያለውን የሪጊ ተራራ በየሰዓቱ ሲለዋወጥ ተመለከተ። በቀጣዩ ዓመት ያጠናቀቀው «ሰማያዊው ሪጊ» የተባለው ሥዕል ጸሐይ ልትወጣ ስትል ያለችውን ቅጽበት ያሳያል፤ ተራራው ሰማያዊ ጥላ ሆኖ ቆሟል፣ ውሃው ብርሃኑን ተቀብሏል፣ ከታች በኩል ውሾች ዳክዬ ሊያሳድዱ ወደ ሐይቁ ይዘላሉ። ወረቀቱ ቁመቱ 30፣ ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከአንድ የልጆች ሥዕል ደብተር ብዙም አይበልጥም። የሳሎናችን ፖስተር የዚህ ሥዕል የልጅ ልጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ ተርነር ያየውን መሣሉ፣ ፖስተሩ ደግሞ የታየውን ደጋግሞ መቅዳቱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። በዚያው በ1841፣ ተርነር ሪጊን ከማየቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሌላ ሠዓሊ የውሃ ቀለሙን ይዞ ታጁራ ወረደ። ስሙ ዮሐን ማርቲን በርናትስ ይባላል፤ በ1802 በጀርመን በሽፓየር ከተማ የተወለደ ሰው ነው። ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ቅድስት ሀገርን ዞሮ ሥሏል። ወደ ታጁራ የመጣው ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ሊዋዋል ከቦምቤይ ከተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር፣ የጉዞው ሠዓሊ ሆኖ ነው። መንገዳቸው ከታጁራ ተነሥቶ በአሳል ሐይቅ ዳር አልፎ፣ የአፋርን ቆላ አቋርጦ፣ አንኮበር የሚያደርስ የግመል መንገድ ነበር። ለዘመናት ጨው ወደ ደጋ የወጣበት መንገድ ነው። ዛሬ ባቡሩ ከናጋድ ጣቢያ ተነሥቶ በሌላ አቅጣጫ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ወደ ደጋ የመውጣት ጉዞ እነርሱ በሳምንታት ነው የገፉት።

በርናትስ አሳልን ሣለው። ሥዕሉ ከሌሎች የጉዞው ሥዕሎች ጋር በድንጋይ ኅትመት ተባዝቶ በ1852 ለንደን ላይ ታተመ። መጽሐፉ በሁለት ክፍል የተደራጀ ነው፤ የመጀመሪያው የአፋርን ቆላ፣ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ ያሳያል። እኛን የሚገርመን የመጀመሪያው ክፍል መኖሩ ነው። ሠዓሊው ቆላውን ዘሎ በቀጥታ ወደ አንኮበር ልምላሜ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ አላለፈም። ቆላው ሊታይ ይገባዋል ብሎ ለእርሱ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጠው። የጉዞው መሪ ሐሪስም በ1844 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፉ ይህንኑ ሐይቅ ይገልጻል፤ ግማሹ ጥልቅ ሰማያዊ ውሃ፣ ግማሹ በረዶ የመሰለ የጨው ንጣፍ፣ በሦስት ወገን ተራራ፣ በአራተኛው የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ዓለት። ሄዶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው አገላለጹ ዛሬም አያሳስትም። ነጩ ነገር ጨው መሆኑን ያልተነገረው ሰው ሥዕሉን ቢያይ የስዊዘርላንድ በረዶ ነው ብሎ ሳሎኑ ሊሰቅለው ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር መናገር አለብን፤ ሥዕል ሁሉንም አይናገርም። በዚያ መንገድ ላይ ሰውና ከብት በጥማት ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ሐይቁን አልፈው ብዙ ሳይርቁ፣ ሌሊት በተኙበት፣ ከጉዞው አባላት ሦስቱ ተገድለዋል። ውበቱን የሚያሳይ ሥዕል ይህን አያሳይም። ደግሞም የሮማንቲክ ሠዓሊዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ተራራውን ያገዝፉና ሰውን ያሳንሱታል። የአገሩ ሰው ከሩቅ የሚታይ ነጥብ ይሆናል፣ የሥዕሉን ስፋት መለኪያ። አሳል ላይ ግን ጨው የሚቆርጠውና የሚጭነው የአፋር ሰው ነጥብ አይደለም፤ ግመሉን የሚመራውም፣ ውሃ ያለበትን የሚያውቀውም እርሱ ነው። ያለ እርሱ ሠዓሊውም መልእክተኛውም ሐይቁን አይደርሱበትም ነበር። ሠዓሊውን ማን ላከው ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። የላከው መንግሥት የፈለገው የንግድና የወዳጅነት ውል ነበር፤ ውሉም በኅዳር 1841 ተፈረመ። ልጆቻችን በርናትስን እንዲያደንቁ ብቻ አንፈልግም። ያላየውን ደግሞ እነርሱ አይተው እንዲሥሉ እንፈልጋለን።

ስለ ውሃ ቀለም ራሱ ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ማለት ልጆች ቀለም የሚደፉበት የዕረፍት ሰዓት ይመስለዋል። በውሃ ቀለም ነጭ ቀለም አይቀባም። ነጩ ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ልጁ ከመጀመሩ በፊት ብርሃኑ የት እንደሚቀር መወሰን አለበት፤ አንዴ ከነካው አይመለስም። ጨው የሚሥል ልጅ ጨውን አይሥልም ማለት ነው፤ ዙሪያውን ሥሎ ጨውን ይተወዋል። ይህን ለመረዳት የ6ኛ ክፍል ልጆች ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ ደግሞ የአየራችን ጉዳይ አለ። እርጥብ በሆነው በእንግሊዝ አየር የተቀባው ውሃ በወረቀት ላይ ቆይቶ ይንሸራሸራል፣ ጭጋጉም ከዚያ ይመጣል። እዚህ በግንቦት ብሩሹ ከወረቀቱ ሳይነሣ ቀለሙ ይደርቃል። መምህራችን ክፍለ ጊዜውን ወደ ማለዳ አዛወሩት፣ ወረቀቱንም ከጀርባው በስፖንጅ ማርጠብ አስተማሯቸው። አንድ ቀን ደግሞ ከኩሽና ጨው አምጥተው እርጥብ ሰማያዊ ቀለም ላይ በተኑት፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ውሃውን ወደ ራሷ ስባ ቀለሙን ስትገፋ በዙሪያዋ እንደ ኮከብ ያለ ነጭ ምልክት ተወች። ይህ ዘዴ በዓለም ዙሪያ የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች የሚያውቁት ነው። ልጆቹ ግን ከዚያ በኋላ የጠየቁት ስለ ሥዕል አልነበረም። አሳል ለምን ጨው ሆነ? አሉ። የሳይንስ መምህራቸው ተጠርተው መጡ።

እርሳቸውም አስረዱ፤ የባሕሩ ውሃ ከጉቤት በኩል በዓለቱ ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ጸሐይ ውሃውን ታነሣለች፣ ጨው ይቀራል። እንዲህ እየሆነ የሐይቁ ጨዋማነት ከባሕር አሥር እጥፍ ደርሷል። መሬቱም ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ከሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ነው። አንድ ልጅ «ታዲያ ከዜሮ በታች ነው!» አለ። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሰምተው ለ7ኛ ክፍል የአሉታዊ ቁጥሮች ትምህርት ተጠቀሙበት፤ የአሸንጌ ሐይቅ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አሳል ከዜሮ በታች 155፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንት ሜትር እንወርዳለን? ይህን ጥያቄ በፈተና ላይ የሳተ ተማሪ እንደሌለ መምህሩ ነግረውናል። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አንኮራበትም።

በስብሰባው ላይ አንድ አባት «ልጄ ሐይቅ ስሎ እንጀራ አይበላም» ብለው ነበር። እኚህን አባት እናከብራቸዋለን፤ ለልጃቸው ሲሉ ስንት ሌሊት መሪ ላይ እንደሚያድሩም እናውቃለን። ንግግራቸው ውስጥ እውነት አለ። የተርነር «ሰማያዊው ሪጊ» በ2007 ለአንድ የለንደን ሙዚየም ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ተገዝቷል ብንላቸው ይስቁብናል፤ ልክም ናቸው፣ ሰውየው ያኔ ከሞተ 156 ዓመት ሆኖት ነበርና። ልጅዎ ሠዓሊ ይሆናል ብለን ቃል አንገባም። የብሔራዊ ፈተናውም ሥጋት እውነተኛ ነው፤ እዚህ ተምሮ ወደ ሀገር ቤት የሚመለስ ልጅ በሒሳብ ወደ ኋላ ቢቀር የሚጠብቀው የለም። ለዚህ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ሁለት የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜዎች በሳምንት እንጨምራለን፤ መምህራኑ ተስማምተዋል፣ ክፍያውንም ትምህርት ቤቱ ይችላል። ሥዕሉ ግን ይቆይ።

ይቆይ የምንልበት ዋናው ምክንያት ሒሳብን ይረዳል የሚለው አይደለም። ልጆቻችን የሚኖሩበትን ቦታ አያዩትም፤ ዋናው እርሱ ነው። ስለ ጅቡቲ በቤታችን የምንናገረውን እናስብ። «በረሃ»፣ «እሳት»፣ «ምን አለ እዚህ?»፣ «አንድ ቀን ወደ አገራችን ስንገባ…»። አባትና እናት ናፍቆታቸውን ቢናገሩ ማን ይፈርድባቸዋል? የወሎን ደጋ ያየ ሰው ናጋድ ላይ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሲቀመጥ ናፍቆት ባይኖረው ነበር የሚገርመው። ልጁ ግን ሌላ ቦታ አያውቅም። ለእርሱ ያለው ይህ ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይሰማል። ስለዚህ ሣል ሲባል የእናቱን ናፍቆት ይሥላል፤ ያም ሲጠፋበት የፖስተሩን ስዊዘርላንድ። ጎረቤቶቹ የሆኑት የአፋርና የሶማሌ ልጆች የሚወዱትን አገር «ምንም የሌለበት» ብሎ ማደግ ለጉርብትናም ደግ አይደለም።

ይህ ማለት ልጆቻችን ጣናን አይሣሉ ማለት አይደለም፤ ይሣሉት። እንዲያውም ከወላጆች አንዳንዶቻችሁ ወደ ክፍል መጥታችሁ የምታውቁትን ሐይቅ ብትነግሯቸው ደስ ይለናል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ የተሳለመች እናት፣ ወንጪን ወርዶ በጀልባ የተሻገረ አባት በመካከላችን አሉ። ውሃው ጠዋት ምን ይመስላል? ነፋስ ከየት ይመጣል? ዳሩ ጭቃ ነው ድንጋይ? ይህን የሰማ ልጅ የሚሥለው ጣና ከፖስተር የተቀዳ አይሆንም። በኛ በጥንቱ የሥዕል ባህል መልክዓ ምድር ለብቻው ርዕስ ሆኖ ብዙም አልተሣለም፤ ቅዱሳኑና ታሪኩ ነበሩ ዋናዎቹ። አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካቋቋሙ ወዲህ ብዙ ሠዓሊዎች ሀገራቸውን ዞረው አይተው ሣሉ። እዚህ ጅቡቲ ያደጉ የኛ ልጆችም ተራቸው ሊደርስ ይችላል።

ለመጪው ዓመት ያሰብነው እንዲህ ነው። በጥር ወር፣ አየሩ ሲበርድ፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉትን ተማሪዎች በአንድ ቅዳሜ ወደ አሳል እንወስዳለን። ከከተማ ንጋት ላይ ተነሥተን፣ ወደ ታጁራ በሚወስደው መንገድ ጉቤት ከላይ በሚታይበት ቦታ ላይ ቆም ብለን፣ ጸሐይ ሳትከር ሐይቁ ዳር እንደርሳለን። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሥዕል ይሠራል፤ አንዱ ሐይቁን ከነተራራው፣ ሁለተኛው እዚያ የሚሠራን አንድ ሰው፣ ፈቃዱን ጠይቆ፣ ስሙንም አውቆ። ሥዕሎቹ ወደ መምህራን ክፍል በሚወስደው ኮሪደር ላይ ይሰቀላሉ። አሁን እዚያ ያለውን ባለ በረዶ የቀን መቁጠሪያ እናወርደዋለን፤ ዓመቱም አልፎበታል።

አውቶቡስ ያላችሁ ወይም ማግኘት የምትችሉ ወላጆች እስከ ኅዳር መጨረሻ ለጽሕፈት ቤቱ እንድታሳውቁ እንጠይቃለን። ልጆች ሰፊ ባርኔጣ፣ የተዘጋ ጫማ (ጨዉ እግር ይቆርጣል)፣ ለመጠጥ ሦስት ሊትር፣ ለብሩሽ ደግሞ አንድ ሊትር ውሃ ይያዙ። የሐይቁ ውሃ ለቀለም አይሆንም፤ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ምናልባት አንዱን ሥዕል በእርሱ እንሞክረው ይሆናል።